አብራ የምትቀመጠው ሴት

በ2074 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንደምን አደርክ» ማለት ትቶ «ስንት ነህ?» ይባባል ነበር። መልሱ ቁጥር ነው። «ስድስት ነኝ፣ ተመስገን።» «ዛሬ እንኳ ዘጠኝ ሆኜ ነው ያደርኩት፣ እስቲ እናያለን።» ከአሥር ያለፈ ሰው ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይናገርም። በአገጩ ወደ ጣቢያው ያመለክታል፤ የጠየቀውም «ቶሎ ሂዳ ታዲያ» ብሎት ያልፋል። ክፋት የለበትም። ዝናብ ለያዘው ሰው ጥላ እንደ መጠቆም ያለ ነገር ነው።

ትርንጎ ይማም በዚያ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ መቀመጥ ነበር። መደቡ «አብሮ ተቀማጭ» ይባላል። በአፍንጫ የሚነፋውን መድኃኒት፣ ሕዝቡ «ማንሻ» የሚለውን፣ የወሰደ ሰው አርባ ደቂቃ ያህል ከራሱ ይርቃል። ጣሪያው ከፍ ይልበታል፣ የገዛ እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስለዋል። አንዳንዱ ያወራል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አብዛኛው ዝም ይላል። ትንፋሹንና የልብ ምቱን ወንበሩ ራሱ ይለካል። ሰው ያስፈለገው ለሌላ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻቸውን የነቁ ሰዎች ደንግጠው ስለጮሁ፣ ሕጉ «በክፍሉ ውስጥ ሰው ይኑር» አለ። ይኑር፤ አይናገር፤ አይጠይቅ፤ የሰማውን አይድገም፤ እጅ ከተዘረጋለት ይያዝ። ኮምቦልቻ ላይ ያ ሰው ትርንጎ ነበረች።

በቀን አሥራ ሁለት ሰው ታስቀምጣለች። ሹፌር፣ አስተማሪ፣ የተፋታ፣ የከሰረ፣ ልጅ የወለደች። ገብተው ግድግዳው ላይ ላለው መስታወት አሥራ አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ተስፋ፣ ሞት ማሰብ፣ ሁሉም ከዜሮ እስከ ሦስት። ይነፋላቸዋል። ይሄዳሉ፤ ይመለሳሉ። እንደገና አሥራ አንዱን ይመልሳሉ። አንጓቸው ላይ ያለው ማሰሪያ አረንጓዴ ሲሆን ወደ ሥራቸው ይወጣሉ። ትርንጎ ሲመሽ ከወንበሯ ስትነሣ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትፈልጥ የዋለች ይመስላታል። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ የምትቆይበት ጊዜ እየረዘመ ሄዷል።

ማንሻን ግን አትጠላም። ሲያሙትም አትወድም። በሠላሳ አራት ዓመቷ አንድ ነገር መጣባት። ማንም አልሞተባትም፣ ማንም አልበደላትም፤ እንዲሁ መጣባት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አሥራ አራት ወር ተኛች። እናቷ እንደ ሕፃን አጠበቻት። ጠበሉም ዱዓውም ተሞከረ። ኪኒኑን ስድስት ሳምንት ጠብቁት ተባለ፤ ተጠበቀ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ማንሻ ገና ብርቅ ሳለ ደሴ ወስደው ሰጧት። ጠዋት ወሰደች፣ ከሰዓት በኋላ «ራበኝ» አለች። እናቷ ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ስለዚህ ትርንጎ መድኃኒቱን የሚያንቋሽሽ ሰው ስታገኝ፣ «እናንተ ግድግዳውን አላያችሁትም» ብላ ትተወዋለች።

ዘይነባ አራጋው መጀመሪያ የመጣችው በጥቅምት ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለው ያረጁ ባትሪዎች መፍቻ ፋብሪካ ሠራተኛ። ስትገባ ቁጥሯ አሥራ ዘጠኝ ነበር፣ ስትወጣ አምስት። ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ተመለሰች። ቀጥሎ በአሥራ አራት ቀን። ቀጥሎ በዘጠኝ። ቀጥሎ በአምስት። መስታወቱ ሁልጊዜ የሚያየው ከመውሰዷ በፊትና ከወሰደች በኋላ ያለውን ስለነበረ፣ በየጊዜው «ውጤት፦ በጣም ጥሩ» ይል ነበር። ውሸትም አልነበረም።

ዘይነባ ማንሻው ሲይዛት አንድ ነገር ታደርጋለች። የወንበሩን እጀታ በጣቷ አንጓ ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። «ትመታዋለች» ትላለች። «ስሙ፣ ትመታዋለች።» ትርንጎ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ነገር ሰምታለች፤ በአንድ ጆሮዋ አስገብታ በሌላው ማስወጣት ተምራለች። ይሄ ግን አልወጣላትም። ቤቷ ወጥ ስታማስል ማማሰያው ድስቱን ሲነካው ትሰማው ጀመር።

በታኅሣሥ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አርባው ደቂቃ አልቆ ዘይነባ ማሰሪያዋ አረንጓዴ እስኪሆን ስትጠብቅ፣ ትርንጎ መጋረጃውን ሳብ አድርጋ ወደ እሷ ጎንበስ አለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

ዘይነባ ዞር አለች። የክፍሉ አምፖል የተናገረ ይመስል አየቻት። «አምስት ነኝ» አለች።

«ቁጥሩን አይደለም። ምን ሆነሽ ነው?»

ዘይነባ ማሰሪያዋን አየች። ከዚያ፣ ድምጿ ምንም ሳይለወጥ፣ «እናቴን ቆልፌባት ነው የምመጣው» አለች።

ነገሩን ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ነገረቻት። እናቷ ወይዘሮ ሉባባ ነገር መርሳት ከጀመሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥተው ጠፉ። አንዴ ሹፌር አልባ የጭነት መኪናዎች የሚሮጡበት ትልቁ መንገድ ላይ ተገኙ። ሌላ ጊዜ ቦርከና ዳር፣ በአንድ እግራቸው ጫማ ሳይኖር። ቀበሌው መከታተያ አምባር ሰጣቸው። «የት እንዳለች ይነግረኛል፤ አይመልስልኝም እኮ» አለች ዘይነባ። የአረጋውያን ማቆያው ወረፋ ስድስት ዓመት ነው። ወንድም የላት፣ እህት የላት። ፋብሪካው የምትሠራበትን አራት ሰዓት፣ የምታርፍበትን አራት ሰዓት እያፈራረቀ ቀንና ሌሊት ያስኬዳታል። ስለዚህ ስትወጣ ትቆልፋለች።

«ስቆልፍ በሩን ትመታዋለች። ፋብሪካ ድረስ ይሰማኛል።»

«ማንሻውን ስትወስጂ ዝም ይልልሻል?»

«አይ፣ እትዬ። ይሰማኛል። ግን መቆለፍ እችላለሁ። ሲያልቅብኝ ቁልፉን ማዞር ያቅተኛል፤ ከሥራ እቀራለሁ። ስቀር ወደዚህ ይልኩኛል። ወስጄ ሄጄ እቆልፋለሁ።»

«ለማን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ማሰሪያዋ አረንጓዴ ሆነ። ዘይነባ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ክፍሉ የሚባለውን ሁሉ ስለሚቀዳ ማግስቱን የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኃይለመለኮት ትርንጎን አስጠራት። ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ እሱም በየወሩ ማንሻ ሊወስድ ሁለተኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ትርንጎ ታውቃለች፣ ራሷ ናት አጠገቡ የምትሆነው።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ቃል ሳይወጣዎት። ምን ነካዎት?»

«ጠየቅኋት።»

«አይጠየቅም እኮ። ለጥያቄ አሥራ አንዱ አሉ።»

«አሥራ አንዱ ውስጥ ይሄኛው የለም።»

«የሌለው ስለማያስፈልግ ነው። መድኃኒቱ ምክንያት አይመርጥም፤ በባልዋ ለምታዝነውም፣ እንዲሁ ለመጣበትም እኩል ይሠራል። ጥሩነቱም እሱ ነው። እርስዎ ከማንም የበለጠ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አለች ትርንጎ። እውነቷን ነበር። 

ማባረር ሲችል ሦስት ወር ከሥራና ከደመወዝ አገዳት። ስትወጣ፣ «ይረፉበት» አላት። አብሮ ለመውጣት ፈልጎ ያፈረ ይመስል ነበር።

ሁለት ቀን ቤቷ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥታ የዘይነባን ሰፈር ጠይቃ ሄደች። ከፋብሪካው ጀርባ የተደረደሩት የሠራተኛ ሕንፃዎች ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሩን ያወቀችው በድምፁ ነው። ፈጣን አልነበረም፣ የተቆጣም አልነበረም። ሥራ ይመስል ነበር፤ መታ፣ ዕረፍት፣ መታ። ትርንጎ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በውስጥ ያሉት ሴትዮ ሲደክማቸው ዝም ይላሉ፤ ደግሞ ይጀምራሉ። እንዲህ ሆነው ሁለቱ በሩን አማክለው እስከ ስድስት ሰዓት ቆዩ።

ዘይነባ ከፈረቃዋ ስትመለስ ደረጃው ላይ አገኘቻትና ፊቷ ተለዋወጠ። «ምን ሊሠሩ መጡ? ሊከሱኝ ነው?»

«እኔ የማውቀው መቀመጥ ብቻ ነው» አለች ትርንጎ። «እዚያ ከልክለውኛል። እዚህ ልቀመጥ።»

ዘይነባ በሩን ከፈተች። ከዚያ ቁልፉን ሰጠቻት። አላመሰገነችም፤ ለማመስገን የሚሆን ትርፍ ጉልበት አልነበራትም።

እንዲህ ተጀመረ። ጣፋጭ ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ሉባባ ይናከሳሉ። ትርንጎን «ዓሚናት» ይሏታል፤ ዓሚናት ከሃምሳ ዓመት በፊት ከባላቸው ጋር የተጣላች ጎረቤት ነበረች፤ ስለዚህ ስድብ ይወርዳል። በየሰዓቱ «ሰዎቹ መጡ?» ብለው ይጠይቃሉ። የትኞቹ ሰዎች እንደሆኑ ማንም አያውቅም። የቤቱን ጫማ ሁሉ አውጥተው በር ላይ ይደረድራሉ፤ ትርንጎ ትመልሳለች፤ ይደረድራሉ። ልብሳቸውን ሲያበላሹ ታጥባቸዋለች፣ እየተሰደበች። የጣቢያው ሰው ቢያንስ በአርባ ደቂቃ ይነቃል። ትርንጎ አንዳንድ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ በቁሟ ታንቀላፋ ነበር።

በሩን መምታት ግን አቆሙ። ክፍት ስለሆነ መምታት አላስፈለጋቸውም። መውጣት ሲያምራቸው ትርንጎ ክንዳቸውን ይዛ ሕንፃውን አንዴ ትዞራቸዋለች፤ ሲመለሱ የት ሊሄዱ እንደነበር ይረሳሉ።

ዘይነባ አምስተኛው ቀን አለፋት። ዘጠነኛውም። በአሥራ አራተኛው ቀን ወደ ጣቢያው ሄደች። ቀጥሎ የሄደችው በሃያ ስድስተኛው ነው። ከዚያ በኋላ አርባ ቀን ሆናት። ዳነች ማለት አይደለም፤ አሁንም ዘጠኝ ናት፣ አሥር ናት፣ አሁንም የምትተኛው ሦስት ሦስት ሰዓት ነው። ግን አንድ ቀን ከፈረቃ ስትገባ እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተጋድማ፣ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርጋ ተኛች። ወይዘሮ ሉባባ ይህች ማን እንደሆነች አላወቁም፤ ቢሆንም አላነሷትም።

ይህን ኮምቦልቻ ውስጥ ማንም አላየም። አዲስ አበባ ያለው የምርምር ማዕከል ግን ከጣቢያው መዝገብ ላይ አየ። በመጋቢት ዶክተር ሶልያና የምትባል ወጣት ተመራማሪ ሁለት ሻንጣ መሣሪያ ይዛ መጣች። ከዘይነባ ደም ወሰደች፣ አንጎሏን በምስል አነሣች፣ ምራቋንና ፀጉሯን ያዘች። ቀጥላ ቤቱን ለማየት መጣችና ውኃውን ቀዳች፣ የግድግዳውን ሻጋታ ፈቀፈቀች። በደስታ አንድ ቦታ መቆም አቅቷት ነበር።

«እትዬ፣ ይህ ያልታየ ነገር ነው» አለቻት ለትርንጎ። «ጭንቀት ሲረዝም አንጎል ውስጥ ነርቮቹ የሚገናኙባቸው ቅርንጫፎች ይረግፋሉ። ማንሻ በሰዓታት ውስጥ ያበቅላቸዋል። ግን አይቆዩም፤ በቀናት ይረግፋሉ። የብዙ ሰው ጊዜ እያጠረ ነው የሚሄደው። የእሷ አጥሮ አጥሮ፣ ከታኅሣሥ በኋላ መርዘም ጀመረ። የበቀለው አልረገፈም። ለምን? በታኅሣሥ ምን በላች? ምን ጠጣች? ምን ተለወጠ?»

«እኔ መጣሁ» አለች ትርንጎ።

«እሺ። ከእርስዎ ጋር ምን መጣ? መድኃኒት? ቅጠል?»

«ምንም። ሴትዮዋ ጋ እቀመጣለሁ። እሷ ቆልፋ መሄድ ቀረላት።»

ዶክተር ሶልያና ወደ ወይዘሮ ሉባባ ዞረች። ከአንዱ ሻንጣ ውስጥ ጓንት እያወጡ በሩ ላይ ይደረድሩ ነበር። ተመራማሪዋ ቅጿን ከፈተች፤ ጣቷ በዓምዶቹ ላይ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። በመጨረሻ «ሌላ» የሚለው ላይ ቆመ።

«በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?»

«እሷ እስክትመጣ።»

«በቁጥር...»

«እስክትመጣ ነው።»

ዶክተር ሶልያና ጻፈች። ከዚያ፣ ዓይኗን ከቅጿ ሳታነሣ፣ «ለጥናቱ ቢሆን እንግዲህ፣ ለሁለት ሳምንት ቀርተው ምን እንደሚሆን ማየት ይኖርብን ነበር» አለች።

ትርንጎ ዝም ብላ አየቻት፤ በዝምታ ማየት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙያዋ ነው። ልጅቷ ቀስ በቀስ ፊቷ ቀላ።

«አላደርገውም» አለች። «የጥናቱን ደንብ ነው የነገርኩዎት።»

ጓንቶቿን ከወለሉ ላይ ለቅማ ሄደች። በኋላ ጽሑፏ ሲወጣ፣ በአርባ ሁለት ገጹ ውስጥ ስለ አንዲት ሠራተኛ «ምክንያቱ ያልተለየ የአካባቢ ለውጥ» የሚል አንድ መስመር ነበረበት ይባላል።

በዚያው ወር የትርንጎ እገዳ አለቀ። ካልተመለሰች መደቧም ቀሪ ጥቅሟም እንደሚሰረዝ የሚገልጽ መልእክት ደረሳት። በመመለሻዋ ቀን አቶ ኃይለመለኮት ደወለ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ወንበሩ ባዶ ነው።»

«እኔ ከመጣሁ የዚህኛው ቤት ወንበርም ባዶ ይሆናል።»

«ሁለት ዓመት እኮ ነው የቀረዎት። ሁለት ዓመት!»

«አውቃለሁ፣ አቶ ኃይለመለኮት።»

መስመሩ ላይ ትንፋሹ ይሰማ ነበር። «እኔ አጠገብ ማን ይሆናል?» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፤ መልስ ሳይጠብቅም ዘጋው። ትርንጎ ያን ቀን ፈርታ ዋለች። የዘይነባ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ፣ እጇን ውኃው ሥር አድርጋ ብዙ ቆየች። የወጣችው ወይዘሮ ሉባባ «ዓሚናት! ሰዎቹ መጡ?» ብለው ሲጣሩ ነው።

ወይዘሮ ሉባባ በሰኔ ሞቱ። ምሳ በልተው፣ ጋደም ብለው፣ በዚያው። ዘይነባ ያን ሰዓት ቤት ነበረች፣ እግራቸውን እያሸች። ከሰዓት በኋላ ተቀበሩ።

ፋብሪካው ለሐዘን የሚሰጠው አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ሐዘንተኛው ማንሻ ወስዶ ይመለሳል። ዘይነባ አልሄደችም። ማሰሪያዋ ሃያ አራት አሳይቶ ሲጮህ ዋለ። ማግስቱን ሁለት የጣቢያው ሰዎች መጡ፤ ትሑት ልጆች ናቸው፣ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ።

«እኅታችን፣ ከሃያ በላይ ሆነው ብቻዎን መቆየት አይፈቀድም።»

«ብቻዋን አይደለችም» አለች ትርንጎ። «ሕጉ ሰው ይኑር ነው የሚለው። አለሁ።»

ልጆቹ ተያዩ። አንደኛው ጽፎ «እስከ ሐሙስ» አለ። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ።

ሦስት ቀን አብረው ተቀመጡ። ጎረቤት ይመጣል፣ ግን ሐዘን ቤት መቀመጥ የሚያውቅ ሰው ጠፍቷል፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው ማሰሪያቸውን እያዩ ይነሣሉ። ዘይነባ አለቀሰች። የእናቷን ስም እየጠራች፣ ስለቆለፈችባቸው ይቅርታ እየጠየቀች፣ ድምጿ እስኪዘጋ። ትርንጎ እጇን ያዘች። በሁለተኛው ቀን ትርንጎም አለቀሰች፤ ሲናከሷት ለነበሩ ሴት ማልቀሷ ራሷን ገረማት።

ሐሙስ ጠዋት ትርንጎ ዘይነባን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ አገኘቻት።

«ዘይነባ።»

ትከሻዋን ነካቻት።

«ዘይነባ፣ ስሚኝ።»

«ልነሣ እላለሁ፣ አካሌ አይታዘዝልኝም» አለች ዘይነባ ከግድግዳው ጋር እያወራች። «አሁን እምባም የለም። ምንም የለም። እትዬ፣ ይውሰዱኝ።»

ትርንጎ ያን ግድግዳ ታውቀዋለች። አልተከራከረችም። አለበሰቻት፣ ፊቷን አጠበቻት፣ ክንዷን ይዛ ወደ ጣቢያው ወሰደቻት። እዚያ አዲስ አብሮ ተቀማጭ ተቀጥራለች። ትርንጎ የውጭ ሰው ስለሆነች ከክፍሉ በር ውጭ ቆመች። አርባ ደቂቃው አለፈ። ዘይነባ በራሷ እግር ወጣች። ትርንጎ ፊቷን መረመረች፤ ሐዘኑን ነቅለው አውጥተውት እንደሆነ ፈርታ ነበር።

«አሁንም ሞታለች» አለች ዘይነባ።

«አዎ።»

«ግን እግሬ ይሄዳል።»

«ይበቃል» አለች ትርንጎ። «ለዛሬ ይበቃል።»

ወደ ትርንጎ ቤት የሚያደርሰው የደሴ አውቶቡስ መጣ። ዘይነባ ለስምንት ሰዓቱ ፈረቃ መድረስ ነበረባት፤ ቢሆንም «ላድርስዎት» ብላ አብራት ገባች። ሹፌር የለም፣ ተሳፋሪም ጥቂት ነው። ትርንጎ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች፤ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሳትጨርሰው ጭንቅላቷ ዘይነባ ትከሻ ላይ ወደቀ። እንቅልፉ የአንድ ቀን አልነበረም፣ የዓመታት ነበር። አፏ ተከፈተ። ትንሽ ታንኮራፋ ጀመር።

የምትወርድበት ፌርማታ ደረሰ። ዘይነባ እጇን ልትቀሰቅሳት ዘረጋች፣ መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው። በሩ ተከፈተ፤ በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ አቀበት ወጣ፤ ጉም መስኮቱን ሸፈነው። ዘይነባ ነጠላዋን አውልቃ የትርንጎን ጉልበት አለበሰች። ማሰሪያዋ አንጓዋ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ፈረቃው ሃያ ደቂቃ ቀረው። ከዚያ አሥር። ከዚያ ዝም አለ።

ደሴ ሲደርሱ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ወረደ። ከጣሪያው የአውቶቡሱ ድምፅ፣ «የመጨረሻው ፌርማታ ነው፤ እባክዎ ይውረዱ» አለ። ደገመ።

«ቀስ በል፣ ተኝታለች» አለችው ዘይነባ፣ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ።

አውቶቡሱ ትንሽ ቆመ። ከዚያ መብራቱን አብርቶ፣ ሁለቱን እንደያዘ፣ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል መውረድ ጀመረ።